መሪጌታ ይትባረክና ቁንጫዋ

ከሦስት ቀን በፊት ከመካነ ሰላም ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ ዘነበች ናት፣ የመሪጌታ ይትባረክ ልጅ። «አባዬ ከትናንት ወዲያ አረፉ፤ ትናንት ቀበርናቸው» አለችኝ። ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናሽ ተባባልን። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን አንድ ነገር ትዝ አላት።

«አደራ ያሉኝ ነገር ነበር። ‘መምህሩን ስታገኚው፣ ሰዓቱ ስንት ነበር ብለሽ ጠይቂልኝ’ ብለውኛል። የምን ሰዓት እንደሆነ እኔም አልገባኝም። መጨረሻ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይቀባጥሩ ነበር።»

አልቀባጠሩም። እንኳን ሊቀባጥሩ፣ በሕይወታቸው አንድ ቃል ያለ ቦታው ሲያስቀምጡ አላየኋቸውም። እኔ ግን «መልሼ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ እሳቸውን ሳስብ ሰነበትኩ።

መሪጌታን ያወቅኋቸው የስፖርት መምህር ሆኜ መካነ ሰላም በተመደብኩ ጊዜ ነው። ንብረቴ አንድ ፊሽካ፣ ሁለት ኳስ (አንዱ የፈነዳ) እና ተማሪ ሲሮጥ የምይዝበት አንድ የሩጫ ሰዓት ነበር። በከተማው እንዲያ ያለ ሰዓት ያለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ትንሽ ኮራ ኮራ ማለት አልቀረም።

መሪጌታ የሚለው መጠሪያቸው ግማሹ ማዕረግ፣ ግማሹ ፌዝ ነበር። እስከ ጎልማሳነታቸው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዜማና አቋቋም ሲማሩ ኖረው፣ አንድ ቀን ደሴ ለጉዳይ ወርደው ከአንድ ጋራዥ ደጅ ቆሙ። የቆሙት የሞተሩን ድምፅ ለመስማት ነበር። ስድስት ዓመት ቆዩ። ሲመለሱ መቋሚያቸውን በአንድ እጅ፣ የመፍቻ ሣጥናቸውን በሌላው ይዘው ነው። ካህናቱ «ከማኅሌት ወደ ግሪስ ወረደ» ብለው አሟቸው። ሾፌሮቹ ደግሞ «የታመመ ሞተር ካለህ ወስደህ አስቀድሰው» እያሉ ይስቁ ነበር።

እውነትም ሥራቸው ከቅዳሴ ብዙ አይርቅም። ሞተር ሳይነኩ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከነኩ በኋላ መታጠብ የማንም ነው፣ እሳቸው ግን በፊትም ይታጠቡ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ በመፍቻው የመኪናውን ጎን ቀስ አድርገው እየመቱ ከሞተሩ ጋር ያንጎራጉራሉ። አንዲት ብሎን ተጣማ ከገባች ሌላው መካኒክ በጉልበት ያስጨርሳታል። እሳቸው «ከራሱ!» ይሉና የገጣጠሙትን ሁሉ እንደገና ፈትተው፣ ከመጀመሪያዋ ብሎን ይጀምራሉ። ባለ መኪናው በንዴት ይንጨረጨራል።

«የኔታ እንዲህ ነው ያስተማሩን» አሉኝ አንድ ቀን። «የሳተ ሰው ማንም ባይሰማው እንኳ በጓደኞቹ ፊት ስቻለሁ ይላል። ከዚያ ከራሱ ይጀምራል። ስህተትን ደብቀህ ብትዘልቅ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ይጮሃል፣ መምህር።»

«እስኪጮህ ድረስ ማን ይሰማዋል?» አልኳቸው።

«አንተ ትሰማዋለህ» አሉኝ።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። ከአካባቢው ባላባቶች የአንዱ ልጅ ከአስመራ ያመጣት የጣሊያን ሥራ ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ የእሽቅድምድም መኪና ነበረች። እንደ እኛ ያለ መንገድ ቢያሳዩዋት ኖሮ ከአስመራ አትወጣም ነበር። ለነገሩ ከደሴ ወዲህ በእግሯ አልመጣችም። በጭነት መኪና ላይ ተጭና ነው የገባችው። ሕዝቡ መኪና የተሳፈረች መኪና አይቶ ስለማያውቅ ያን ቀን ገበያ ተፈታ። ቁመቷ ከአህያ ያንሳል። በሳምንቷ ሆዷ በድንጋይ ተቀደደ፣ በወሯ አንድ ዓይኗ ጠፋ፣ በዓመቷ ካልገፏት የማትነሳ ሆነች። ከተማው ቁንጫ ብሎ ሰየማት። መሪጌታ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠገኗት። መሬት ላራሹ ታውጆ ባላባቱና ልጁ ከአገር ሲወጡ፣ ልጁ «መሪጌታ፣ የደከሙባት እርስዎ ነዎት፤ ደሞዝዎ ትሁን» ብሏቸው ሄደ። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቃል ብቻ።

ለምን ያን ያህል እንደወደዷት መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የነገሩኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከሥሯ ተኝተው እግራቸው ብቻ እየታየኝ።

በረሃቡ ዓመት ባለቤታቸው ጥሩወርቅ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ ሳለ ምጥ ያዛት። ከዚያ እስከ ጤና ጣቢያው ለደህና ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ቃሬዛ ተሠራ። ግን የተሸካሚው ጉልበት ምን ይሁን? አሥር እርምጃ ይሄዳሉ፣ ያስቀምጧታል። አምስት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ያስቀምጧታል። ዘነበች መንገድ ላይ ተወለደች። እናቷ ከተማው እየታየ ሞተች።

«ሰዎቹን አልወቅስም» አሉ መሪጌታ ከመኪናዋ ሥር። «ለራሳቸው የሚበሉት አልነበራቸውም። አየህ መምህር፣ ቃሬዛ ለቅብብሉ ስምንት ትከሻ ይፈልጋል። በዚያ ዓመት ስምንት ትከሻ ከየት ይመጣል? ይህቺ ግን እህል አትበላም።»

ከዚያ በኋላ በቁንጫ ስቄ አላውቅም። ማለቴ፣ እሳቸው ባሉበት።

አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ የእርዳታ እህል የሚያመላልሱ መኪኖች በከተማው በዝተው ነበር። ነዳጅ እስኪመጣ ሾፌሮቹ ሥራ ፈትተው ይውላሉ። ሥራ የፈታ ሾፌር ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ዘጠኝ ባዶ በርሜል አቁመው በመካከላቸው እየተጠማዘዙ መፎካከር ጀመሩ። እሁድ እሁድ ሕዝቡ ሊያይ ይወጣል። ያ ዓመት ሳቅ የጠፋበት ስለነበር ማንም አልከለከላቸውም። ሰዓት ያዥ እኔ ሆንኩ። ሕጉም ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ዙር ይነዳል፣ የተሻለው ይያዝለታል፣ በርሜል የነካ አምስት ሰከንድ ይጨመርበታል። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው የእርዳታው ላንድሮቨር ሾፌር ሰይድ ነበር፣ የኩታበር ልጅ፣ ከመኪና ጋር የተወለደ የሚመስል።

በዚህ መሃል የሸሹ ባላባቶች ንብረት ይሰብሰብ የሚል ትእዛዝ መጣ። የከተማው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ሙሉጌታ፣ ትናንት የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ የነበረ ሰው፣ መሪጌታ ግቢ መጥቶ ቁንጫን ዞሮ ዞሮ አያት።

«ወረቀት አለዎት?»

«ቃል ነው ያለኝ።»

«ቃልማ ድሮ ቀረ። ደግሞ ይህቺ መኪና ናት እንዴ? ብረት ናት። ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ደሴ ትሄዳለች።»

መሪጌታ መፍቻቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ብረት መሆኗንና መኪና መሆኗን እኔም እርስዎም አንፍረድ። እሁድ ከበርሜሉ መሃል ትግባ። ሰይድ ከበለጣት ውሰዷት። እሷ ከበለጠች ግን ለእኔ ተዉልኝ፤ እኔ ደግሞ ለጤና ጣቢያው በሽተኛ በነጻ አመላልሳለሁ።»

ጓድ ሙሉጌታ ሳቀ። «ከላንድሮቨር ጋር?»

«ከላንድሮቨር ጋር።»

«ይሁን። ሕዝቡም ይዝናናበት» አለና ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ መሪጌታን ብቻቸውን አገኘኋቸው። መኪናዋን አላመጧትም። መቋሚያቸውን ይዘው በእግራቸው በበርሜሎቹ መካከል ይሄዳሉ። መጀመሪያ እጃቸውን ሰብስበው በዝግታ ሄዱ፣ እያንዳንዷን መታጠፊያ በአፋቸው እያዜሙ፤ ቁም ዜማ የሚሉት ነው፣ መቋሚያም ከበሮም የሌለበት። ሁለተኛውን በዝማሜ፣ መቋሚያውን ግራና ቀኝ እያዘነበሉ። ሦስተኛውን በመረግድ፣ ረገጥ ረገጥ እያሉ ፈጠን ብለው። በመጨረሻ አንድ በርሜል ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ያን ሁሉ መንገድ በጽፋት፣ እያጨበጨቡ አወረዱት። እኔም በዚያ በሞኝነቴ ሰዓቴን አውጥቼ ያዝኩላቸው።

«ስንት አለ?» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ስልሳ አምስት።»

«ለሁለት ሰከንድ ትንፋሽ አባክኛለሁ። ስልሳ ሦስት ነው የሚወጣው» አሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰውየው መንገዱን በጉሮሯቸው ለክተውት ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። የወባ ማጥፊያው ጂፕና የእርሻው ፒካፕ ቀድመው ነዱ፣ እነሱን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። ሰይድ በመጀመሪያው ዙር ስልሳ አራት ገባ። በሁለተኛው ዘገየ፣ ሰባ ገባ፤ ስልሳ አራቱ ተያዘለት።

ቁንጫ ተራዋ ደረሰ። በመጀመሪያው ዙር ሦስተኛው በርሜል ጋ ጠፋች። ገፊ እስኪሰበሰብ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ሴት «ኧረ አዝላችሁ ውሰዷት!» አለች። ጓድ ሙሉጌታም እየሳቀ ወደ እኔ ዞሮ «የዚህችን ሰዓት በወር ያዝላት» አለኝ። መሪጌታ ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም። ወርደው ጆሯቸውን አስጠጉ፣ አንድ ነገር ጠበቅ አደረጉ፣ ወደ መነሻው ተመለሱ።

ሁለተኛው ዙር ሌላ ነገር ነበር። ላንድሮቨር በርሜሉን ሲዞር ወገቡን እያንገላታ ነው፤ እሷ ግን ከሣሩ ተጣብቃ፣ እዚህ ስትባል እዚያ። የሚስቀው ሰው አንገቱን አሰገገ። ሰባተኛው በርሜል ጋ፣ ከባሕር ዛፉ በኩል፣ አቧራው ሸፈናት። ስትወጣ ሰዓቷ ከሁሉም ይቀድም ነበር፤ በሰዓቴ ገና አርባ ሰባት ነበር። ሁለት በርሜል ብቻ ቀርቷታል።

ቆመች። ዞራ ተመለሰች።

ሰው ሁሉ «ወደዚያ! ወደዚያ ነው!» እያለ ጮኸ። መሪጌታ ቀጥ ብለው መነሻው ጋ ደርሰው ቆሙና «ሰባተኛውን ነክቼዋለሁ» አሉ። ማንም አላየም። በርሜሉም አልወደቀም።

«አምስት ሰከንድ ይጨመርብዎታል እንጂ ማን ተመለሱ አለዎት!» አልኳቸው። እንባዬ ሊመጣ ነበር፣ በንዴት። ቢነዱ ኖሮ ከነቅጣቱም አይደረስባቸውም ነበር።

«ከራሱ ነው፣ መምህር» አሉኝ፣ እንደ ተራ ነገር።

ሰይድ ከወዲያ «ይጀምሩ! እኔ አልከፋም፣ ይጀምሩ!» አለ። ጓድ ሙሉጌታም ያበቃላት ስለመሰለው «ይሂዱ፣ ይሂዱ፤ ማኅሌት ነው መሰለኝ» ብሎ እጁን ወረወረ። እኔም ሰዓቱን ወደ ዜሮ መለስኩና ክንዴን አወረድኩ።

በጥሩ ነዱ። ግን ደክመው ነበር፣ ሞተሯም ግላለች፣ አምስተኛው በርሜል ጋ እንደማመንታት አለች። መስመሩን ሲያልፉ አውራ ጣቴን ተጫንኩ።

ስልሳ ስድስት።

«ስንት?» አለ ጓድ ሙሉጌታ። ሕዝቡ ፊቴን ያያል። እኔ ያየሁት ግን ቃሬዛ ነው፤ አሥር እርምጃ፣ ከዚያ አምስት እርምጃ። ጣቴ ቁልፉን ተጫነና ቀስቱ ወደ ዜሮ ተመለሰ።

«ስልሳ ሦስት» አልኩ።

ሜዳው በእልልታ ተናጋ። መሪጌታ ከመኪናዋ ሳይወርዱ ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ስልሳ ሦስት?» አሉ ቀስ ብለው።

«ስልሳ ሦስት» አልኩ ዳግመኛ። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ቀለለችኝ፣ ውሸት እንዲህ ናት።

ይኼኔ ሰይድ ጥምጥሙን አውልቆ እያራገበ ወደ መሃል ገባ። «ያ ጀማዓ፣ እስኪ አንዴ ስሙኝ። ወላሂ እኔም ያቺኑ ሰባተኛዋን በርሜል ነክቻታለሁ፣ በመጀመሪያው ዙር። አቧራ ነበርና አንድም ሰው አላየኝም፤ ዝም አልኩ። አሁን እኒህ ሰውዬ ለእሷው ብለው ከራሱ ሲጀምሩ አይቼ ዝም ብል አላህስ ምን ይለኛል? አምስቷን ጨምሩብኝ።»

ስልሳ አራትና አምስት፣ ስልሳ ዘጠኝ።

ስልሳ ስድስት ብል ኖሮ ያሸንፉ ነበር። ሰይድ አፉን እስኪከፍት ድረስ እንኳ ብታገሥ፣ እውነቱ ራሱ ያወጣቸው ነበር። ያን ቀን ከዚያ ሜዳ ላይ ካሉት ሦስት ባለጉዳዮች ውሸታም ሆኜ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም በከንቱ። አሁንም ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። ጓድ ሙሉጌታ ግን ቀደመኝ፤ «ብረት አይደለችም። ለጤና ጣቢያው ትሥራ!» አለ፣ ሕዝቡም ሰይድንና መሪጌታን በአንድ ላይ ተሸከማቸው። አፌን ዘጋሁት።

ቁንጫ ለዓመታት በሽተኛ አመላለሰች። የተሳፋሪውን ወንበር ነቅለው ጣውላና ፍራሽ ዘረጉባት፣ ታማሚው እግሩን ወደ ሞተሩ አድርጎ ይተኛል። በብርድ ቀን ሙቀቱ ያስታምማል እያሉ ይኮሩ ነበር። መኪና የማይገባበት ገደል ሲሆን ሰዉ እስከ መንገዱ በቃሬዛ ያመጣላቸዋል፣ ከዚያ ወዲህ እሳቸው ይረከባሉ። በውስጧ የተወለዱ አሉ። ሳይደርሱ የቀሩም አሉ፣ ያን ቀን መሪጌታ ራት አይበሉም። ሁለተኛው ረሃብ ሲመጣም ያቺው አንድ ዓይኗ እየበራ ትሄድ ነበር።

እኔን ግን ባገኙኝ ቁጥር፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣም ሆነ ገበያ መሃል፣ ሰላምታ ሰጥተውኝ ሲያበቁ «መምህር፣ ያን ቀን ሰዓቱ ስንት ነበር?» ይሉኛል።

«ስልሳ ሦስት፣ መሪጌታ።»

«እሺ» ይላሉ፣ ሌላ ወሬ ይቀጥላሉ። ድሉ ናፍቋቸው ነው እል ነበር። ደሴ ተዛውሬ፣ አርጅቼ፣ ጡረታ ወጥቼ እንኳ በሰው ሰላምታ ሲልኩብኝ ጥያቄዋ አትቀርም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ቁንጫ ግቢው ውስጥ ጎማ አልባ ቆማ ዶሮዎች ይተኙባታል፤ ከዘራቸውን እየዘረጉ ይነካኳታል። ምሳ በላን፣ ተጫወትን። ልሄድ ስነሳ እጄን ያዙ።

«ሰዓቱ ስንት ነበር?»

«ስልሳ ሦስት።»

ፈገግ አሉ። «ያን ቀን ዜማው እኮ ረዝሞብኝ ነበር» አሉኝና ለቀቁኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቁ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን እየደጋገሙ የሰጡኝ አንዲት ዕድል ነበረች፣ እሷም ስቻለሁ የምልባት። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን አለፍኳት፣ በዚያ ቀን እንኳ፣ እጃቸው በእጄ እያለ። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜ ማፈር ከባድ ነው፣ ያልለመዱት ነገር ስለሆነ።

ትናንት ማታ ሳልተኛ አደርኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ ተኛሁ። ጧት ግን ገና ቁርስ ሳልቀምስ ለዘነበች ደወልኩላት።

«ያ የሰዓቱ ነገር…» አልኩ። «ስልሳ ስድስት ነበር። ስልሳ ስድስት ሰከንድ።»

ሳቀች፣ ሐዘንተኛ ሆና እንኳ። «ውይ፣ የቁንጫዋን ውድድር ኖሯል እንዴ የጠየቁት! እሱንማ መቼ አጣሁት። ስንቴ አጫውተውናል፤ ‘እኔ ስልሳ ስድስት፣ ሰይድ ስልሳ ዘጠኝ፣ ሰዓቱን የያዘልን መምህሩ ነው፣ ቁንጫ የመምህሩ ውለታ አለባት’ ይሉን ነበር።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ቆይ ግን፣ ምነው ጠየቁዎት ታዲያ? እርስዎ ሌላ ብለው ነበር እንዴ?»

ከልጃቸው እንኳ ደብቀውልኝ ኖረዋል። ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግኩት።

«አሉ?» አለች ዘነበች። «ጋሼ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል» አልኳት። «ጊዜ ካለሽ ቁጭ በይ፣ ልጄ። ከራሱ ልጀምርልሽ።»